«ሞቆኛል»

ሂዊ ትከሻዋ የወለቀ ቀን አባቷ ወልደአምላክ ምንም አልተሰማውም። አልጮኸም፣ አላለቀሰም። አምቡላንሱ እስኪመጣ የልጁን የውሃ ኮዳ ይዞ ቆመ፤ ማታ ቤት ሲገባ ኮዳውን አጠበ። በማግስቱ አሌክሳንድሪያ ወደሚሠራበት ሆቴል ሄዶ የስድስተኛውን ፎቅ ቧንቧ ጠገነ። ሚስቱ ብርሃነሽ ለእህቷ በስልክ «ይሄ ሰውዬ ድንጋይ ነው እንዴ?» ስትል ሰምቷል። ድንጋይስ ፀሐይ ሲያገኘው ይሞቃል፤ እሱ ያም ቀርቶበት ነበር።

ነገሩ የሆነው የካቲት ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የቮሊቦል ውድድር ላይ ነው። ሂዊ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የቡድኑ ዋና መቺ። እሷን ለመመልመል ብላ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጣች አሠልጣኝ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አባትና ልጅ ከአሌክሳንድሪያ በጊዜ ነበር የተነሡት፤ ግን ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ መኪና ተጋጭቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ተገተሩ። ሂዊ እንዳይበርዳት ጃኬቷን አላወለቀችም፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ለቃዋለች፣ ብርሃነሽ ወገቧ ላይ የምትለጥፈውን ማሞቂያ ደግሞ ቀኝ ትከሻዋ ላይ ለጥፋዋለች።

ሲደርሱ ጨዋታው ሊጀመር አራት ደቂቃ ቀርቶታል። ሌሎቹ ልጆች ክንዳቸውን አሽከርክረው፣ ላስቲክ ስበው፣ ኳስ ቀስ አድርገው ተወራውረው ጨርሰዋል። የቡድኑ አሠልጣኝ ጆኒ፣ እዚሁ የተወለደ ያበሻ ልጅ፣ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ሂዊ ዋርም አፕ አድርጋለች? ካላደረገች የመጀመሪያውን ዙር ቁጭ ትበል፣ በሁለተኛው አስገባታለሁ። ኖ ፕሮብሌም።»

ወልደአምላክ ወደ ልጁ ዞረ። «ሞቀሽ?»

«አዎ ዳዲ፣ ሞቆኛል» አለች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

«ሺ ኢዝ ዋርም» አለው ለጆኒ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደግሞ ይህችን ቃል ማን ውሸት ይላታል? እንግሊዝኛዋም ልክ፣ አማርኛዋም ልክ። ወልደአምላክ ግን የዋህ አልነበረም። በወጣትነቱ ለአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ቮሊቦል ተጫውቷል፤ አሠልጣኙ ጋሽ ሀይሉ ሩብ ሰዓት ክንዱን ሳያፍታታ ኳስ የነካውን ከሜዳ ያባርሩ ነበር። «ላብህን አታሳየኝ፣ ትከሻህ ሲታዘዝህ አሳየኝ» ነበር የሚሉት። ልጁ የነገረችው ስለ ሙቀት እንጂ ስለ ማሟሟቅ እንዳልሆነ በደንብ ገብቶታል። ነገር ግን ያቺ ባለ ደብተር እስከ ሁለተኛው ዙር ባትቆይስ?

ሂዊ ሦስተኛዋን ኳስ ዘልላ ስትመታ ክንዷ አብሮ የሄደ መሰለ። በጉልበቷ ወደቀች።

«ዳዲ፣ እጄ የለም!»

እጇማ አለ፣ ተንጠልጥሏል። ደንዝዞባት ነው፤ ደነዘዘ የሚለውን ቃል ስለማታውቀው ነው የለም ያለችው። ባለ ደብተሯ ጥቂት ቆይታ ወደ ቀጣዩ ሜዳ ሄደች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሂዊ ለአባቷ አንድ ቃል አማርኛ አልተናገረችም። ድሮ ስብርብር አድርጋም ቢሆን ታወራዋለች፤ «ዳዲ፣ ዝናቡ ተነሣ» ትለዋለች፣ ዘነበ ለማለት፣ እሱም ይስቃል። አሁን «ኦኬ»፣ «አይም ፋይን»፣ «ሌተር» ብቻ ሆነ። ወልደአምላክ እያወቅኩ እንዳስገባኋት ደርሳብኛለች፣ ተቀይማኛለች ብሎ ደመደመ። አልጠየቃትም። በላ፣ ተኛ፣ ቧንቧ ጠገነ።

በስድስተኛው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ወሰዳት። ባለሙያዋ ሶሊ አዲስ አበባ ተወልዳ እዚሁ ሎረል ያደገች ወጣት ናት። የሂዊን ትከሻ በጥጥ ስትነካካ ሂዊ «አውች!» ብላ ዘለለች፤ ሶሊ ደስ አላት።

«ጎበዝ! የደነዘዘ ነርቭ ሲነቃ ያምማል። ይመም፣ ጥሩ ነው።»

ከዚያ ላስቲክ አስይዛት ቀስ እያለች እንድትስበው አደረገች። ወልደአምላክ የልጁን ጃኬት ታቅፎ ጥግ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ ያን ቀን ክንዷን አሟሙቃ ነበር?» አለችው ሶሊ።

ሂዊ ቀደመችው። አላሟሟቅኩም፣ ጥፋቱ የኔ ነው ስትል በእንግሊዝኛ አስረዳች፤ አባቷ ሞቀሽ ሲላት ዋርም አፕ ማለቱን አላወቀችም፣ ስለ ብርድ የጠየቃት መስሏት ነው። «ማይ አማሪክ ብሮክ ማይ ሾልደር» ብላ ሳቀች። አማርኛዬ ትከሻዬን ሰበረው። ስለዚህ ከዳዲ ጋር በእንግሊዝኛ ብቻ ይሻላል፣ ኢትስ ሴፈር።

ሶሊም ሳቀች። «ማሞቂያው ቆዳሽን ነው ያሞቀው፣ የኔ ቆንጆ። ጡንቻው የሚነቃው ስታንቀሳቅሺው ነው፤ ያኔ የኳስ ምትሽም ይፈጥናል፣ ትከሻሽንም ደህና አድርጎ ይይዝልሻል። አሟሙቀሽም ሊወልቅ ይችላል፣ ጋራንቲ የለውም። ግን ለምን አጉል ዕድል ትሞክሪያለሽ?»

ጋራንቲ የለውም። ወልደአምላክ ይህችን ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ ይችል ነበር፤ ለህሊናው ጥሩ ትራስ ትሆነው ነበር። ያችኛዋ ግን፣ አማርኛዬ ሰበረው ያለችው፣ አልዋጥ አለችው።

«ሂዊ» አለ። «አንቺ አልተሳሳትሽም።»

«ዋት?»

«ምን ማለትሽ እንደነበር ገብቶኝ ነበር። መኪና ውስጥ ያን ነገር ስትለጥፊ አይቼሻለሁ። እንዳላሟሟቅሽ እያወቅኩ ነው ለጆኒ እንደዚያ ያልኩት። ሴትዮዋ እንዳትሄድብሽ ብዬ።»

ላስቲኩ እጇ ላይ እንደተወጠረ ቀረ። ሶሊ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች። ሂዊ ወደ አባቷ ዞረች።

«ገብቶህ ነበር?» አለች።

በአማርኛ ነው፤ አንዲት ፊደል አልሳተችም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከአፏ የጠበቀው አማርኛ ይኸው መጣ።

«አዎ፣ ገብቶኝ ነበር» አላት፣ ጃኬቷን ጨምድዶ። አመመው።