ሔዋን ባሕር ላይ ያየችው

ኔትወርኩ ጠፋ። ሔዋን ስልኳን ይዛ ከአባቷ ጋራዥ ወጣች፤ አስፋልቱ ዳር ቆመች፤ ወደ መናኸሪያው ትንሽ ሄዳ ተመለሰች። መርሳ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ የመጀመሪያው አይደለም። ዛሬ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የብዙ ሀገራት ተወካዮች በተቀመጡበት ስብሰባ፣ በቪዲዮ ቀርባ መመስከር ነበረባት።

«እስቲ ቁጭ በይ» አላት አባቷ ንጉሴ፣ ከሚኒባሱ ሥር እንደተጋደመ። «ከጧት ጀምሮ የማየው ጫማሽን ብቻ ነው።»

«አልችልም አባዬ።»

ከባሕር ከተመለሰች ወዲህ እንዲሁ ነበረች። ምሳ ጀምራ ትነሳለች። ጎረቤት ከተማ ግራና ድረስ ሄዳ ምንም ሳትገዛ ትመጣለች። ጎረቤት ሲጠይቅ ንጉሴ «ድካም ነው» ይላል፤ ድካም አለመሆኑን ግን ያውቃል።

ሔዋን ባሕር ዳር የመርከብ ምህንድስና ተምራ፣ ጥቂት ጊዜ በጭነት መርከብ ከሠራች በኋላ በዓሣ አጥማጅ መርከቦች ላይ ታዛቢ ሆና ተቀጠረች። ከየትኛውም ሀገር ዳርቻ የራቀው ሰፊ ባሕር ባለቤት የለውም። ዓሣው ተጠራርጎ እንዳያልቅ ሀገራት ተስማምተው ኮሚሽን አቋቁመዋል፤ ስንት እንደሚጠመድና የት እንደማይጠመድ አብረው ይወስናሉ፤ በመርከቦቹም ላይ ታዛቢ ያስቀምጣሉ። ታዛቢ አያጠምድም። ያያል፣ ይመዝናል፣ ያየውን ይናገራል።

የመጨረሻዋ መርከብ ቱና የተባለውን ትልቅ ዓሣ የምታጠምድ ነበረች። አንድ ቀን ጧት ካፒቴኑ «ማዕበል ሊመጣ ነው፣ ከክፍልሽ እንዳትወጪ» አላት። በመስኮት ስታይ ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ቆይቶ የሞተሩ ድምፅ ወረደና መርከቧ ቆመች። ሔዋን በሞተር ክፍሉ በኩል ወጣች። ስሟ በቀለም የተሸፈነ ሌላ መርከብ አጠገባቸው ተጠግታ፣ በረዶ የሆነው ቱና በክሬን እየተነሳ ወደዚያች ይሻገራል። ክልክል ነው፤ እንዲህ የተሻገረ ዓሣ ማን እንዳጠመደው ሳይታወቅ ገበያ ይገባል።

ካፒቴኑ ወደ እሷ ሲዞር፣ ዓሪፍ የሚባል ኢንዶኔዥያዊ መርከበኛ አንድ ትልቅ ሸራ አንስቶ የሚያጥፍ መስሎ ፊቷ ቆመ።

«ግቢ» አላት በሹክሹክታ። «አላየሽም። እኔም አላየሁሽም።»

ያን ቀን ቢያገኛት ኖሮ ካፒቴኑ ምን ያደርጋት እንደነበር አታውቅም። ወደብ ደርሳ እግሯ መሬት ሲነካ ያየችውን ለኮሚሽኑ ተናገረች።

ትናንት ግን ዓሪፍ ድምፁን ቀድቶ ልኮላታል። «መርከቧ ከታገደች እኛም አብረን ሥራ እናጣለን። ሚስቴ ወልዳለች። ምን እንድትዪ እንደምፈልግ አላውቅም ሔዋን። ዝም ብዬ ላኩልሽ።» ደጋግማ ሰማችው፤ አልመለሰችለትም።

ንጉሴ ከሚኒባሱ ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ግቢ። ወልድያ እንሂድ። ይቺ ሚኒባስም ትሞከር።»

መንገድ ላይ ሁሉን ነገረችው። ስለ ካፒቴኑ የሚያውቀው ነበር፤ ስለ ዓሪፍ ግን ገና መስማቱ ነው።

«ያተረፈኝን ሰው ከእንጀራው ላፈናቅለው ነው» አለች።

ንጉሴ ማርሽ ቀየረ። «ዝም ብትዪስ ይተርፋል?»

«ለጊዜው።»

«ካፒቴኑስ?»

«ይቀጥላል። እዚያ ላይ ፖሊስ የለም አባዬ። እኛ ነን ያለነው።»

«ባሕር የሌላት ሀገር ልጅ፣ እሷን ምን አገባት ይሉኛል ሰዎቹ።»

«ምን ትላቸዋለህ?»

«ምን እላለሁ? እኔም ስጠይቅ ነው የከረምኩት።»

ሲሪንቃ ላይ አስቆመችው። ወርዳ ስልኳን ወደ ላይ ይዛ ዞረች፤ የለም። ገብታ በሩን ሁለቴ ዘጋችው።

ወልድያ ደግሞ መብራት አልነበረም። አንድ ሆቴል ውስጥ ግን ጄኔሬተር ይንጓጓል፤ ዋይፋይም አለ። የሆቴሉ ባለቤት ብዙነሽ ከጩኸቱ ራቅ ያለ የጓሮ ክፍል ሰጠቻት። ሰዓቱ አልፎ ነበር፤ ደግነቱ ስብሰባውም ዘግይቷል። ሔዋን ተቀምጣ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እንደገና ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ረጅም ጠረጴዛና የብዙ ሀገራት ባንዲራ ታየ።

ያየችውን ተናገረች። መርከቧ የተመዘገበችበት ሀገር ተወካይ ረጋ ባለ ድምፅ ጠየቃት፦ «ይህን ያዩት ብቻዎን ነዎት? ከመርከበኞቹ አንድ እንኳ ስም ይጥቀሱልን።»

የዓሪፍን ስም ብትጠራ ቃሏ ይጠነክራል። እሱ ግን ከዚያ በኋላ የሚቀጥረው መርከብ አያገኝም።

«የምመሰክረው እኔ ላየሁት ነው» አለች። «የሌላ ሰው ስም አልጠራም።»

«እንግዲያው የአንድ ሰው ቃል ነው» አለ ሰውየው።

ሔዋን ጉልበቷን በእጇ ይዛ ጠበቀች። በዚያ መሃል ሌላ ተወካይ እጅ አወጣች። የሀገሯ ሳተላይት በዚያው ጧት ሁለት መርከቦች ተጠጋግተው እንደቆሙ አንስቷል፤ ያሉበትን ቦታ የሚያሳውቁት መሣሪያዎቻቸውም ጠፍተው ነበር። ሦስተኛ ሀገር ቀጠለ፤ ስሟ የተሸፈነው መርከብ ከጥቂት ቀን በኋላ ወደቡ ገብታ ቱና ልታራግፍ ስትል ተጠርጥራ ተይዛለች። ለየብቻ የማይበቃው ነገር አንድ ላይ ሲቀመጥ በቃ። መርከቧ በየትኛውም አባል ሀገር ወደብ ዓሣ እንዳታራግፍ ታገደች።

ንጉሴ ደጅ ላይ ይጠብቃት ነበር። «አለቀ?» አላት።

«አላለቀም» አለችና መኪናው ውስጥ ገብታ አለቀሰች።

እንዳለችውም አላለቀም። ባለንብረቶቹ መርከቧን አንድ ወደብ ፊት ለፊት ጥለዋት ጠፉ፤ መርከበኞቹ ከነዓሪፍ የመውረጃ ፈቃድ አጥተው ለሳምንታት እላይዋ ቀሩ። ሔዋን የስብሰባውን ሰዎች፣ የመርከበኞችን ማኅበር፣ የወደቡን ቢሮ መነዝነዝ ጀመረች። ኔትወርክ ሲጠፋ ወልድያ፣ ሲመጣ መርሳ። «ዓሣውን ለማዳን ተስማማችሁ፤ ሰዎቹስ?» ትላቸዋለች። አንዳንዱ ስልኩን ይዘጋባታል። በመጨረሻ ማኅበሩና የወደቡ ሀገር ተባብረው አወረዷቸው፤ ቲኬት ተቆረጠላቸው።

ዓሪፍ አገሩ ሲገባ ጻፈላት። «ቤቴ ነኝ። ስሜን እንዳልጠራሽ ሰምቻለሁ። ለጊዜው ግን አትደውዪልኝ።» አልደወለችም።

ክረምቱ እንዳለፈ በታዛቢነት የምትሄድበት አዲስ መርከብ ተሰጣት። ንጉሴ «ትሄጃለሽ?» ሲላት «እዚህም መቀመጥ አልቻልኩም» አለችው። አልተከራከራትም። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ራሱ ሸኛት።

በመንገድ ላይ ለዓሪፍ እየሄደች መሆኗን ጻፈችለት፤ መልስ አልጠበቀችም። ሐይቅ ከተማን እንዳለፉ ስልኳ ጮኸ።

«ካፒቴኑ ማነው?» ይላል የዓሪፍ መልእክት።

ስሙን ላከችለት።

«አውቀዋለሁ» ብሎ ጻፈና ጠፋ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብላ መልሳ ጻፈችለት። ንጉሴ ቀስ ብሎ ይነዳል። ሔዋን መልሱን እየጠበቀች ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ አነሳችው፣ መልሳ አስቀመጠችው።