ሁሉም የዘገዩበት ቀን

አብዱልበሲጥ ጠዋት የጭነት መኪናውን አስነስቶ ከአዋሽ ሲወጣ ደውሎላት ነበር። ሚስቱ ኢናስ ሰመራ ባለው የድርጅታቸው ቢሮ የመኪኖቹን ጉዞ በኮምፒውተር ትከታተላለች። ከሰዓት በኋላ ስክሪኑን ስታይ ከስሙ ጎን በቀይ «ስድስት ሰዓት ዘግይቷል» ይላል። ደወለች፤ አያነሳም። ደጋግማ ደወለች።

«ያ ረቢ» አለች፤ እንባዋ መጣ።

የሥራ ባልደረባዋ ራጉኤል ወንበሩን ጠጋ አደረገ። «ሁሉንም እኮ ስድስት ሰዓት ዘግይተዋል ነው የሚለው» አላት። እውነትም ከላይ እስከ ታች ቀይ ነበር። መቼም ሚስት ናት፤ ያየችው አንዱን መስመር ብቻ ነው።

«ትናንት የጨመርሻቸው ስሌቶች ናቸው» አለ ራጉኤል። «ፕሮግራሙ መጀመሪያ መኪናው ከላከው መረጃ ላይ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እንዳለ ያወጣል። ከዚያ ስሌቶችሽን ለየብቻ ይሠራል፤ አንዱ የሌላውን ውጤት አያይም። አንደኛው ስሌት የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛ ይመልሳል። የመዘግየቱ ስሌት ግን ያንን አያውቅም፤ የፈረንጁን ሰዓት ይዞ በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈው የመድረሻ ሰዓት ጋር ያስተያያል።»

ኢናስ ስድስቱን ሰዓት እዚያው የመዘግየቱ ስሌት ውስጥ ቀነሰችው። ቀዩ ጠፋ። ወዲያው ስልኳ ጠራ።

«ሚሌ ጎማ ሳስነፋ ስልኬን ጋቢና ትቼው ነው» አለ አብዱልበሲጥ። «ምነው፣ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው። አዲሱን ፕሮግራም እየሞከርኩ ነበር።»

አፍንጫዋን ሳብ አደረገች።

«ታዲያ ፕሮግራም ሲሞከር ይለቀሳል እንዴ፣ ሆዴ?»