የባለቤቱ ባለቤት

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ አጥባ እንዲንጠፈጠፉ ደፋቻቸው። ራዲዮ ከፍታ የአየሩን ሁኔታ ሰማችና ዘጋችው። ጃንጥላ አያስፈልግም። ድሮ ዕቃ ማጠብ ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ባሏ በማንኪያው መጀመሪያ ድስቱን፣ ቀጥሎ የቧንቧውን አንገት፣ ሲብስበት ደግሞ የእሷን ክንድ እየመታ ይዘፍናልና። አሁን አራት ደቂቃ ይበቃታል።

ከመውጣቷ በፊት ቁምሳጥኑን ከፍታ የባሏን ባርኔጣ አወጣች። አፉ በተቋጠረ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነበር። ከረጢቱን የምትፈታው በሳምንት አንዴ ነው፤ ፊቷን ታስጠጋና አንድ ጊዜ ብቻ በአፍንጫዋ ስባ መልሳ ትቋጥረዋለች። በፈታችው ቁጥር ሽታው እንደሚቀንስ ታውቃለች። የላብና የጸጉር ቅባት ሽታ ነው። ሰውየው መላጣ ሆኖ ሳለ ጠዋት ጠዋት ቅባቱን አይተውም ነበር። ስትስቅበት፣ "ለሄዱት መታሰቢያ፣ ለቀሩት ማጽናኛ ነው" ይላት ነበር።

ሳትፈታው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እስከ ስድስት ሰዓት መነጽር ቤት ስትሠራ ቆየች። የአንድ ሹፌር ሌንስ ጠርዙን ሞርዳ ከፍሬሙ ጋር አገጣጠመች፤ የአንዲት መምህርት መነጽር ብሎኑ ወልቆ ነበር፣ አሰረችው። ማሽኑን አጥፍታ ሽርጧን ስታወልቅ ከመንገዱ ማዶ ድምፅ መጣ።

"እትዬ! አለሽ ወይስ ጥለሽኝ ሄደሻል?"

የባሏ ታናሽ እህት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ወንድሟ "ጡሩንባ" ይላት ስለነበር በዚያው ስም ቀረች። ላባ የተሰካበት ቀይ ባርኔጣ አድርጋለች።

"ምን ሆነሽ ነው ዶሮ የመሰልሽው?" አለቻት መነጽር ሠሪዋ።

"ቲኬቱ ላይ 'ባርኔጣ አድርጋችሁ ኑ' ይላል! ያንቺስ የታለ?"

"ቦርሳዬ ውስጥ ነው።"

ጡሩንባ ቦርሳውን አየች። የማን ባርኔጣ እንደሆነ ገባት። ክንዷን ያዘቻትና ወጡ።

ቲኬቶቹን የገዛው ባሏ ነበር። ባለፈው ዓመት የሙዚቃ ትርኢቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው የከበሮ መቺው ክንድ ተሰበረና ወደ ሌላ ጊዜ ተላለፈ። አዲሱ ቀን እስኪቆረጥ ባሏ አልቆየም። ቲኬቶቹ ግን አሁንም ይሠራሉ። ሁለት ወንበር፣ አራተኛ ረድፍ፣ ከመተላለፊያው ጠርዝ።

አዳራሹ አሮጌ ቲያትር ቤት ነው። የወንበሮቹ ቀይ ጨርቅ መቀመጫው ላይ ነጥቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋረጃው ሲከፈት መድረኩ ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሴትዮዋ ፒያኖው ዘንድ፣ ሰውየው ከበሮው ዘንድ። ፊታቸውን ኖራ አስመስለው አንጥተዋል፣ ቅንድባቸውን ግንባራቸው መሀል ስለውታል። ሴትዮዋ ትዘፍናለች፣ ትጮኻለች፣ ታሾፋለች። ሰውየው አንድ ቃል አይናገርም፤ በዓይኑና በትከሻው ይመልስላታል፣ ሲቆጣ ከበሮውን ያንገጫግጨዋል። እንደ ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ሁለት ሰው ያን ሁሉ ድምፅ ከየት እንዳመጣው አይታወቅም፤ የወንበሩ እግር ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ይሄን ነው ድስት ላይ ሲያጠናው የኖረው?" አለች ጡሩንባ ጆሮዋ ላይ ጮኻ።

"ይሄንኑ። የተሰነጠቀውን ክዳን አሁንም አልጣልኩትም።"

በአራተኛው ዘፈን ከበሮ መቺው ወደ ሕዝቡ ወረደ። ከየሰዉ ራስ ላይ ባርኔጣ እያነሳ ያደርጋል፤ ባርኔጣውን ባደረገ ቁጥር ያንን ሰው ይሆናል። አንዴ ወታደር ሆነ፣ አንዴ ሙሽራ። የጡሩንባን ላባ ሲያደርግ እንደ አውራ ዶሮ ተንጠራርቶ አዳራሹን አሳቀው። መልሶላት ሊያልፍ ሲል መነጽር ሠሪዋ ከቦርሳዋ አውጥታ ጭኗ ላይ ያኖረችውን ከረጢት አየ። ተንበረከከና እጁን ዘረጋ። አልነካውም። ጠበቀ።

"እትዬ፣ ካልፈለግሽ እምቢ በይው" አለች ጡሩንባ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ። "የእኔን ለሁልጊዜውም ይውሰድ።"

መነጽር ሠሪዋ ባሏ እዚህ ወንበር ላይ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ አሰበች። ሰውየው ገና ከመድረኩ ሳይወርድ ባርኔጣውን ይወረውርለት ነበር። ቋጠሮውን ፈታች። አንድ ጊዜ አሸተተችው። ሰጠችው።

ከበሮ መቺው አደረገውና ወደ ቦታው ሮጠ። ዘፈኑ እስኪያልቅ እንደ እብድ መታ። ላቡ ነጩን ቀለም እያጠበ ወደ ባርኔጣው ጠርዝ ሲረጭ ከአራተኛ ረድፍ ይታይ ነበር።

"የዚህ ባርኔጣ ባለቤት ማን ነው? ይነሳ!" አለች ፒያኖ ተጫዋቿ።

መነጽር ሠሪዋ ተነሳች።

"ባለቤቱ አልመጣም።"

"ታዲያ እርስዎ ማን ነዎት?"

"የባለቤቱ ባለቤት።"

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ፒያኖ ተጫዋቿም ሳቀች።

"ምነው ቀረ? ንቆን ነው?"

"ኧረ አይደለም። ቲኬቱን የገዛው እሱ ነው። ቀድሞ ሄደ እንጂ።"

ሰዉ እንደገና ሳቀ። ፒያኖ ተጫዋቿ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ዓይኗ ጡሩንባ ላይ አረፈ። ጡሩንባ ቀዩን ባርኔጣ አፏ ላይ ደፍናው፣ ያለ ድምፅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፒያኖ ተጫዋቿ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

"የትኛውን ዘፈናችንን ይወድ ነበር?"

"ነበር" ስትል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። መነጽር ሠሪዋ ልብ አለች፣ እንደተረዳቻትም አወቀች።

"የደረጃውን ዘፈን። ግን አንድ ቀን እንኳ በልኩ ገብቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ከምቱ ቀድሞ ይገባል።"

ከበሮ መቺው ባርኔጣውን አስተካከለና ራሱን ነቀነቀ።

ፒያኖው ጀመረ። ገና ሁለተኛው መስመር ሳይደርስ ከበሮው ጥልቅ አለ። ሴትዮዋ ገላመጠችው፤ ልትደርስበት ፈጠነች፤ እሱ የባሰውን ቀደማት። ፒያኖው ከኋላው ቁና ቁና እየተነፈሰ እንደሚሮጥ ሰው ሆነ። መነጽር ሠሪዋ ጎኗን ይዛ ሳቀች። ልክ እንደዚህ ነበር። በየቀኑ፣ ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ፣ ልክ እንደዚህ። ጡሩንባ ደግሞ ድምፅዋ ተመልሶላት ከዘፋኟ በላይ ትዘፍን ነበር።

ሲያልቅ ከበሮ መቺው ራሱ ወርዶ ባርኔጣውን በሁለት እጁ መለሰላት። በዚያ ቀን የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው።

"ይቅርታ እናቴ፣ አላብኩበት።"

"ግድ የለም" አለችው። "እሱም ያልበው ነበር።"

ቤት ስትደርስ ገና አልጨለመም። ባርኔጣውን ወደ ፊቷ አስጠጋችና ሳበች። የፊት ቀለም ይሸታል፤ የሌላ ሰው ላብ ይሸታል። ገልብጣ ከውስጥ በኩል፣ ቆዳው ጋ፣ እንደገና ሳበች።

ከዚያ የላስቲክ ከረጢቱን አጥባ ዳቦ እንዲያዝበት ከብርጭቆው አጠገብ ዘቀዘቀችው። ባርኔጣውን እሱ ይሰቅልበት በነበረው፣ ከበሩ ጀርባ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ጠርዙ ላይ የደረቀውን ነጭ ቀለም አልጠረገችውም።

ባርኔጣው ቦታው ላይ ነው። የቅባቱ ሽታ የለም።