ለፍልሰታ የታረዱት ሁለት ዶሮዎች

እናቴ ደግ ሴት ናት። ይህን የማይመሰክር ሰው ሐረር ላይ ከፈላና በር እስከ ሐኪም ጋራ ብትፈልጉ አታገኙም። ድሮ እኔም ከመስካሪዎቹ አንዷ ነበርኩ።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምህረት፣ ፍልሰታ እሁድ በዋለበት ክረምት ነው። የእኛ ጾም ሊፈታ ሲል የጎረቤቶቻችን ረመዳን ገና እኩሌታው አልደረሰም ነበር። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አስተማሪ ነኝ፤ ከእናቴ ከወይዘሮ ሰገነት ጋር ፈላና በር አጠገብ ባለው የአባቴ ቤት እንኖራለን። ወንድሞቼ አንዱ ድሬዳዋ፣ አንዱ አዋሳ፣ አግብተው ወልደዋል። እኔ “ለእናቷ የቀረች” ነኝ። ሰዎች እንዲህ ሲሉኝ ያመሰገኑኝ ይመስላቸዋል።

ሽፈራው ዘግይቶ መጣ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሂሳብ መምህር ነው። ጠመኔ ኪሱ ውስጥ እየረሳ ኮቱ ሁልጊዜ ነጭ ነው። ወደድኩት። ምን ይደበቃል፣ በዚያ ዕድሜዬ እንደ ኮረዳ ወደድኩት። ለመስከረም ወደ ባህር ዳር ዝውውር ተፈቅዶለታል፤ እኔንም ይዞ ሊሄድ ነው። የቀረን የእናቱ የወይዘሮ የሺ እሺታ ብቻ ነበር። እሳቸውም እኔን ለማየት ከደብረ ማርቆስ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላተው መጡ። ጾሙን እኛ ቤት ሊፈቱ ተቀጠረ። ከወደዱኝ ከእንቁጣጣሽ በፊት ሽማግሌ ይላካል፤ ካልወደዱኝ ደግሞ ሽፈራው ብቻውን ይሄዳል።

የእኛ ቤት ለፍልሰታ ሁለት ዶሮ ያርዳል። ሐረር ያደገ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። አንዱን ክርስቲያን በስመ አብ ብሎ ይባርከዋል፤ እሱ የእኛ ነው። ሌላውን ጎረቤታችን ጋሽ ሙሳ ቢስሚላህ ብሎ ያርደዋል፤ እሱ ተሠርቶ እነ ጋሽ ሙሳ ቤት ይሄዳል። ድስቱ ለየብቻ፣ ማማሰያው ለየብቻ። እነሱም ለዒድ ለእኛ እንደዚሁ ያደርጋሉ። አንዱ የሌላውን ሥጋ አይቀምስም፤ ማንም አይቀየምም። አባቴ ከሞተ ወዲህ የእኛን የሚያርድልን ከበላያችን ያሉት ጡረተኛው ጋሽ ሀብተወልድ ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ከጊደር መጋላ ገበያ ሁለት አውራ ዶሮ መርጬ ገዛሁ። እግራቸውን አስሬ ለእናቴ ሰጠኋትና፣ “ቀዩ የእኛ ነው፤ ጋሽ ሀብተወልድን ጥሪያቸው። ገብስማው የጋሽ ሙሳ ነው” ብያት ቅቤና አይብ ልገዛ ተመለስኩ። ስመጣ ሁለቱም ታርደው፣ ተነጭተው፣ ለየሳፋቸው ተቀምጠዋል። በዚያ በደከመ ጉልበቷ ይህን ሁሉ ሠርታ ስለጠበቀችኝ ጉንጯን ሳምኳት።

እንደዚያን ቀን ወጥ ሠርቼ አላውቅም። አሥራ ሁለቱን ብልት አንድም ሳላበላሽ አወጣሁ። በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ አጠብኩ። ሽንኩርቱ ላይ ቆሜ ዋልኩ። እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት እየላጠችልኝ፣ “እጅሽ ይባረክ ቤዛዬ” ትለኝ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሽፈራውና እናቱ ከነጃንጥላቸው መጡ። “ሐረር በረሃ ናት ብለውኝ ነበር” አሉ ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን እያራገፉ፤ “ይኸው ከእኛ አገር ብሶ ይዘንባል።” ሳቅን። ዓይናቸው ከጣሪያው እስከ ጫማዬ ቤቱን ሲዞር አየሁ፤ አልከፋኝም፤ ሊያዩ ነው የመጡት። አስታጠብኳቸው፣ ወጡን አወጣሁ፣ ፈረሰኛውን በእሳቸው በኩል አደረግኩ። ጸሎቱ ደረሰ። ቆረሱ፣ ጠቀለሉ።

“ይቆዩኝ ወይዘሮ የሺ” አለች እናቴ። “ኃጢአት ላስገባዎ አልችልም። ዶሮውን ያረደው ሙሳ ነው።”

“ሙሳ ማነው?”

“ጎረቤታችን ነው። እስላም ነው፤ ግን ጥሩ ሰው ነው።”

የጠቀለሉት እጃቸው ላይ ቀረ። “የጋሽ ሙሳ እኮ ያኛው ድስት ነው፤ ይሄ ቀዩ ነው” አልኩ።

“ሁለቱንም እሱ ነው ያረደው። ሀብተወልድን ሳልጠራው ረስቼ። እርጅና ነው ልጄ።”

ወይዘሮ የሺ ጉርሻውን መሶቡ ላይ መልሰው እጃቸውን ጠረጉ። “አሥራ አምስት ቀን ጾሜ፣ ሁለት ቀን ተጉዤ” አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለልጃቸው፤ “በድስቷ ውስጥ ያለውን የማታውቅ ሴት ነው ያሳየኸኝ?”

እንቁላል ልጥበስ፣ አይብ አለ፣ ጎመን በቅቤ አለ አልኩ። ለመንኩ። “አትቸገሪ” ብለው ተነሱ። ሽፈራው አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ስልሳ ተማሪ ጸጥ ያሰኛል። “እማዬ፣ ስህተት ነው” ቢል ይበቃኝ ነበር። ጫማውን አየ። ከዚያ የእናቱን ጃንጥላ ይዞ ተከተላቸው።

እናቴን አልተቆጣኋትም። እንዲያውም አሳዘነችኝ፤ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሰው ይረሳል። “አይዞሽ” ብያት፣ ወጡ እንዳይበላሽ ሁለቱንም ድስት ይዤ አመሻሽ ላይ ጋሽ ሙሳ ቤት ሄድኩ። ሚስታቸው ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ትጠብሳለች።

“ሁለቱንም አመጣሽው?” አሉኝ ጋሽ ሙሳ። “እንግዶቹ የት ሄደው?”

“የትኞቹ እንግዶች?”

“እናትሽ የነገረችኝ ናቸዋ። ‘የሚመጡብን የናንተ ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱንም እረድልን’ አለችኝ። ወላሂ ደግሜ ጠይቄያታለሁ። ሀብተወልድን ደጅ ላይ ‘ዘንድሮ አናርድም’ ብላ ስትመልሰው ሰምቼ ግራ ገብቶኝ ነበር።” ፊቴን አዩ። “ቤዛ፣ ምነው? ሱብሃን አላህ፣ ምን አጠፋሁ?”

“ምንም” አልኳቸው። እሳቸው ምን አጠፉ።

ስመለስ እናቴ ጾሟን በጎመንና በአይብ እየፈታች ነበር። አበላሏ የጤነኛ ነው።

“አውቀሽ ነው ያደረግሽው?” አልኳት።

አልካደችም። ልትዋሸኝ እንኳ አልደከመችም። የያዘችውን ጎርሳ፣ አኝካ፣ ዋጠች።

“ባህር ዳር ሩቅ ነው” አለች። “አንቺ ከሄድሽ እኔን ማን ይቀብረኛል?”

በሕይወቴ ሰውን የዚያን ያህል ጠልቼ አላውቅም፤ ያውም የወለደችኝን።

“አታስቢ” አልኳት። “እኔ እቀብርሻለሁ።”

ፊቷ በራ። መረቀችኝ፤ ዕድሜ ይስጥሽ አለችኝ። ከዚያ አይብ ጨምሪልኝ ብላ ሳህኗን ዘረጋች፤ ጨመርኩላት።