ከዓሣ ማራገፊያው ጀርባ

የልጅ ልጄ አስጎብኚ ቢሮ ለሙከራ ከተቀጠረች ወዲህ ቂጧ መሬት ነክቶ አያውቅም። አለቃዋ «ኪሱ ሳሳ ያለ መንገደኛ በአውቶቡስ የሚደርስባቸው፣ ዓይን የሚሞሉ አራት የባህር ዳርቻዎች ቀርጸሽ እስከ ማታ ላኪልኝ፤ ያለዚያ ቦታውን ለሌላ እሰጣለሁ» አላት። ሰውየው ራሱ እንኳን ባህር ገንዳም ገብቶ አያውቅም፤ የነገረችኝ የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ናት።

«እማምዬ፣ ይሄን ከተማ እንዳንቺ የሚያውቀው የለም፤ ተነሺ» አለችኝ።

ተነሣሁ። ግን ገና ጫማዬን ሳስር ወስኛለሁ፦ አንዱን ቦታ አላሳያትም።

ከዓሣ ማራገፊያው ጀርባ፣ በበረዶ ማምረቻው ግድግዳና በድንጋዩ መሃል፣ አንድ ክፍል የምታክል አሸዋ አለች። ጎህ ሲቀድ እኛ የሰፈሩ አሮጊቶች በውስጥ ቀሚሳችን እንገባባታለን። ወንድ አያየን፣ ምራት አትሰማን። የማን ልጅ ከማን ጋር ታየ፣ ማን ጥርስ አስተከለ፣ ሁሉም የሚወራው እዚያ ነው። ያቺ ቦታ ስልክ ላይ ከወጣች ሻንጣ ያዘለ ሁሉ ይሰፍርባታል፤ እኛም ከነወሬያችን ቤት መቀመጣችን ነው።

ስለዚህ አዞርኳት። መጀመሪያ ወደቡ ዳር። አሸዋው ረጅም፣ መታጠቢያው በነጻ፤ ቧንቧው ግን ሲለቁት ስለሚዘጋ ቁልፉን በጀርባ ተጭነው ነው የሚታጠቡት። ቀጥሎ ጠጠራማው፣ የጥድ ጥላ ያለበት፤ ምሳውን ቋጥሮ የሄደን ሰው ማንም አያስነሣውም። ሦስተኛው አውቶቡሱ የሚያበቃበት ነው። ወንበር አከራዮቹ እንደ ዝንብ ይወሩሻል፣ ወንበራቸውን ያጠሩበትን ገመድ ካለፍሽ ግን አሸዋው የሁሉም ነው። አንዱን ወፍራም አከራይ ሚስቱ ለምን ጥላው እንደሄደች ልነግራት ስል «አራተኛውስ?» አለችኝ።

«አራተኛ የለም።»

«ታዲያ ጠዋት ጠዋት ፀጉርሽ ረጥቦ የምትመጪው ከየት ነው?»

«ከጸሎት።»

«ጸሎት ያርሳል?»

«አልቅሼ ነው።»

አኮረፈችኝ። ስንመለስ አውቶቡስ ላይ ከፊቴ ተቀምጣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። እኔ አጠገብ አንዲት መንገደኛ ልጅ መጥታ ቁጭ አለች፤ ሻንጣዋ እሷን ያክላል፣ አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል።

«እማማ፣ ሰው የማይበዛበት የሚዋኝበት ቦታ ያውቃሉ?»

«ኧረ እኔ ውሃ እፈራለሁ። ድሮ እንኳ እገባ ነበር።»

«ከዚያስ?» አለችኝ፣ ጆሮዋን ወደኔ ዘንበል አድርጋ።

ምን ልሁን? ቤቴ ውስጥ «ከዚያስ?» ያለኝ ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜው። ግድግዳውን ነገርኳት፣ አጥሩ የተቀደደበትን ነገርኳት፣ የሚያዳልጠውን ድንጋይ ነገርኳት። አብራን የምትዋኘው የሰፈራችን አዋላጅ የውስጥ ቀሚሷ የት ጋ እንደተበሳ ሳይቀር። ቀና ስል የልጅ ልጄ ዞራ፣ ስልኳን ወደ እኛ ይዛ ትቀርጻለች።

መንገደኛዋ ስትወርድ «አጥፊው» አልኳት።

«እማምዬ፣ እንጀራዬ ነው።»

«የኔስ?»

እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። በሚቀጥለው ፌርማታ የልጅ ልጄን እጅ ይዤ ወረድኩ፤ በሌላ አውቶቡስ ወደ ሦስተኛው ዳርቻ መለስኳት። ጫማዬን አወለቅኩና ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ አከራይ እያየኝ፣ ከነቀሚሴ ባህር ውስጥ ገባሁ።

«ቅረጪ» አልኳት። «አሮጊት ወንበር ሳትከራይ ቀኑን እንዴት እንደምትውል አለቃሽን አሳዪው።»

ወፍራሙ አከራይ «እናቴ፣ ጥላ ላምጣ?» ሲለኝ «መጀመሪያ ሚስትህን አምጣ» አልኩት። ይሄም ተቀረጸ። አለቃዋ አይቶት በሳቅ ሞተ፣ አራተኛውን ዳርቻ ረሳው፤ «ነገ ሥራ ግቢ» አላት። የአውቶቡሱንም ቀረጻ ዓይኔ እያየ አጠፋችው።

መንገደኛዋን ግን ማን ያጥፋልኝ? በማግሥቱ ጠዋት እዚያችው ቦታችን ውሃው አንገቴ ደርሶ ዓይኔ ከአጥሩ አልተነቀለም።

«ምን ሆነሽ ነው እንደ ዝይ የምትዞሪው?» አለች አዋላጇ። የሰፈሩን ግማሽ ጭንቅላቱን ይዛ ወደዚህ ዓለም ያወጣች ሴት ናት፤ አንዳችንም አንዋሻትም።

«ነፋስ መትቶኝ ነው» ብዬ ዋሸኋት።

መጀመሪያ ሻንጣው በቀዳዳው ገባ፣ ከዚያ ልጅቷ። «እማማ፣ እውነትም ያምራል» አለች።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«ማን ነገራት?»

«እኔ እንጃ።»

«እማማ እያለች የምትጠራው አንቺን እኮ ነው።»

«አሮጊት ሁሉ እማማ ነው።»

አዋላጇ ከላይዋ ውሃ እየተንጠባጠበ ወጣች። «ስልክ በየትኛው እጅሽ ነው የምትይዢው?» አለቻት።

«በቀኝ።»

አዋላጇ በልጅቷ ቀኝ እጅ ላይ የራሷን ቀሚስ፣ ሹራብና ነጠላ ጫነችባት። ከዚያ የኔን፣ ከዚያ የሌሎቹን፣ ልጅቷ እስከ አገጯ እስክትሸፈን ድረስ። «እዚህ አዲስ የመጣች ሴት የመጀመሪያ ቀን ልብስ ትይዛለች። እኛ ሁላችንም ይዘናል። አሸዋው እርጥብ ነው፤ እስክንወጣ እንዳታስቀምጪ።»

«ነገስ?»

«ነገ ትገቢያለሽ። ብቻሽን ከመጣሽ።»

«ለማንም አልናገርም» አለች ልጅቷ፣ አፍንጫዋ ብቻ ከልብሱ በላይ እየታየ።

አዋላጇ አምናት ተመልሳ ገባች። እኔ ግን ይህን ቃል ለስንቱ ሰጥቼ በልቼዋለሁ፤ ሌሎቹ ሲዋኙ እኔ እዚያው ቆሜ አፏን ስጠብቅ ቆየሁ።