ኮንቱሜሸስ የተባልኩበት ደብዳቤ

ቁጡ ነኝ፤ አልደብቀውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀጨኔ ዳገቱ ላይ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምሬያለሁ። እዚያ ግቢ ውስጥ አማርኛ የሚፈቀደው በእኔ ክፍለ ጊዜ፣ ለአርባ ደቂቃ ብቻ ነው። ደወሉ ከተደወለ በኋላ እኔ ራሴ፣ የአማርኛ መምህርቷ፣ በእንግሊዝኛ ካልሆነ ትንፍሽ ማለት አልችልም። ለሰው ስነግር ቀልድ ይመስለዋል።

አማርኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ በሲባጎ የታሰረች ጣውላ አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበታል። "አማርኛ ተናግሬያለሁ" የሚል ተጽፎባታል፣ ያውም በእንግሊዝኛ። የምትወልቅለት ሌላ ልጅ አማርኛ ሲናገር ከያዘ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ይውላሉ። ወላጅም ልጄ እንግሊዝኛ ያቀላጥፍልኝ ብሎ ዝም ይላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።

ባለፈው ጥር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሀሌሉያ የምትባል የሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ከደረጃ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። "እማዬ፣ እጄን!" ብላ ጮኸች። በምን ትጩህ ታዲያ? ሮጬ ስደርስ የክፍል አለቃው ጣውላዋን አጥልቆባታል። በልጁ አልፈርድም፤ ያስተማርነው እኛው ነን። ደሜ ፈላ። ጣውላዋን አውልቄ ወስጄ ሽንት ቤት ጨመርኳት። ተመልሼ ልጅቷን አቀፍኳትና፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ፣ "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እንደፈለግሽ አልቅሺ" አልኳት። ከዚያ ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ አቶ ዘርዓብሩክ ቢሮ አስጠሩኝ። በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ፤ አንቱ የምለው ወንበሩን ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ሰጡኝ፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለማኅደሬ። የመጀመሪያው አንቀጽ፣ ዘጠኝ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩት እኔ አስቻለች "ኮንቱሜሸስ" መሆኔን ይገልጻል። ሁለተኛው፣ በድርጊቴ ተጸጽቼ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ በተማሪዎች ፊት ይቅርታ እንደምጠይቅ ይናገራል።

"ይሄ ቃል ምን ማለት ነው?" አልኳቸው።

"መጥፎ ጠባይ ማለት ነው። እስከ አርብ ፈርመሽ አምጪ። አለዚያ ሥራውን ትለቂያለሽ፤ የሥራ ልምድም አንጽፍልሽም።"

የሥራ ልምድ ወረቀት የሌላትን መምህርት ማን ይቀጥራል? ሁለት ልጆች አሉኝ። ባሌ ኡርጌሳ ሸጎሌ መስመር ላይ ታክሲ ይነዳል፤ ማኪናዋ ከምትሠራበት ቀን ጋራዥ የምትውልበት ይበልጣል። ፈራሁ። አልዋሽም፣ በጣም ፈራሁ።

መምህራን ክፍል ገብቼ ቃሉን አሳየሁ። አንድም የሚያውቀው የለም። የእንግሊዝኛ መምህሩ ጢሞቴዎስ ስልኩን አውጥቶ ፈለገልኝ።

"እያወቀ፣ ሆን ብሎ፣ ለበላይ አልታዘዝም ያለ ሰው ማለት ነው" አለ። "የፍርድ ቤት ቃል ነው። ዳኛ ጠርቶት እያወቀ ለሚቀር ሰው ይሉታል። ሳያውቅ ለተሳሳተ ሰው አይባልም።"

"ድገምልኝ።"

ደገመልኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ተይ አስቹ፣ ፈርሚና ይለፍ። ዝም አይነቅዝም" አለኝ።

"እሱስ አይነቅዝም፤ የነቀዝነው እኛ ነን" አልኩት።

ማታ ለኡርጌሳ ነገርኩት። "ይቅርታ ጠይቀሽ ከምትመጪ ሥራ ፈተሽ ብትመጪ ይሻለኛል፤ በንዴትሽ እኔን ነው የምትፈጂው" አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

አርብ ጠዋት ቢሮ ገባሁ። አቶ ዘርዓብሩክ እያዩ በሁለቱም ቅጂ ከመጀመሪያው አንቀጽ ሥር ፈረምኩ። ሁለተኛውን አንቀጽ በእስክሪብቶ ሰረዝኩት።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"የመጀመሪያው እውነት ነው፤ አምኜ ፈርሜያለሁ። ሁለተኛው ግን አብሮት አይሄድም። ቃሉ አውቆ አልታዘዝም ላለ ሰው ነው የሚባለው። እኔ ደግሞ አውቄ ነው ያደረግኩት፤ ነገም አደርገዋለሁ። ታዲያ በምኑ ልጸጸት? ቃሉን የመረጡት እርስዎ ነዎት።"

"እኔ አይደለሁም፣ ኮምፒውተሩ ነው ያመጣው" አሉ ሳያስቡት።

"እንግዲያው ኮምፒውተሩ ከእርስዎ የበለጠ ያውቀኛል።"

ፊታቸው ቀላ። "ውጪልኝ! የሥራ ልምድ በሕልምሽም አታገኚም።"

የእሳቸውን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ተውኩላቸው። የእኔን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። "ዘጠኝ ዓመት አማርኛ ማስተማሬን የሚናገር፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጥተውኛል እኮ" አልኳቸውና ወጣሁ። ዳገቱን ወርጄ ሥራ ፍለጋ ጀመርኩ።

ሁለት ትምህርት ቤቶች ወረቀቱን አንብበው መለሱልኝ። ሦስተኛው ጋ ወይዘሮ ገበያነሽ የሚባሉ ርዕሰ መምህርት መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ቃሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይሄ ምን ማለት ነው ልጄ?" አሉኝ።

"ክንዷ የተሰበረ ልጅ በአማርኛ አታልቅሺ ስትባል፣ ታለቅሳለች ያለች መምህርት ማለት ነው" አልኳቸው።