ማማ ኤርሲሊያን ማሻገር

ሬሳ ብቻውን ሽቦ ላይ አይላክም። በእኛ ሸለቆ ሕጉ ይሄ ነው። ከሥጋ ዘመዱ አንዱ አጠገቡ ተቀምጦ፣ እጁን ሣጥኑ ላይ አሳርፎ ካላሻገረው፣ የሟቹ ነፍስ ከወንዙ በላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች ይባላል። ይህን ያመጣው ሰውዬ ማን እንደሆነ አላውቅም። ከፍታ የማይፈራ ሰው እንደነበር ግን እርግጠኛ ነኝ።

እኔ እፈራለሁ። ምን አሳፈረኝ፣ እናገረዋለሁ። ገና ገደሉን ተንጠልጥለን የምንሻገርበት ሽቦ ወሬው ሲነሳ መዳፌን ያልበኛል። ስለዚህ አያቴ ማማ ኤርሲሊያ ባረፈች ማግስት አጎቴ ኤቤርቶ ለቀስተኛውን አንድ በአንድ በዓይኑ ቃኝቶ እኔ ላይ ሲያቆም፣ ወደ በሩ አንድ እርምጃ አፈገፈግኩ።

"ኑቢያ፣ አንቺ ነሽ" አለኝ።

"እኔ ምን?"

"የምታሻግሪያት። ከሁላችንም ቀላል አንቺ ነሽ።"

"ልጅህ ዊልመርስ? ወንድ የለም እንዴ እዚህ ቤት?"

"ዊልመር እኮ በሬ አክሏል። ሽቦው አርጅቷል። ሣጥኑና ዊልመር አንድ ላይ ከተጫኑበት የምንቀብረው ሁለት ሰው ነው።"

"እኔ ብወድቅስ?"

"አንቺማ ላባ ነሽ፤ ላባ ምኑ ይወድቃል!"

ወንዶቹ ሳቁ። ከጠዋት ጀምሮ አረቄ ሲቀምሱ ስለነበር የሚያስቃቸው ነገር አላጡም። ሌላ መንገድ ቢኖር ኖሮ በእንብርክኬም ቢሆን እሄድ ነበር፤ ነገር ግን ያ የመጨረሻው ዝናብ ተራራውን ንዶ የእግር መንገዱን ድምጥማጡን አጥፍቶታል። ጉድጓዱ የተቆፈረው ማዶ ነው፣ ከባሏ መቃብር ጎን። ቄሱም ማዶ ሆነው ይጠብቃሉ። ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይነሳል። ነፋስ ሲነሳ ሽቦው ላይ የሚወጣ እብድ ብቻ ነው።

"እማዬ፣ ትፈሪያለሽ እንዴ?" አለች ልጄ ዙላይ ቀሚሴን እየጎተተች። "እኔ አልፈራም! እኔ ማማ ኤርሲሊያን ነው የምመስለው።"

"አፍሽን ዝጊ" አልኳት። ወዲያው ቆጨኝ፣ ግን ከአፌ ወጥቷል።

ቤተሰባችን ውስጥ ሰው ሁሉ ማማ ኤርሲሊያን ነው የሚመስለው፣ ከእኔ በቀር። ይህቺ ሴትዮ ገና ልጃገረድ ሳለች ከተጓዥ ሰርከስ ጋር ጠፍታ፣ ሁሉም ሞታለች ብሎ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ አንካሳ ጦጣ ይዛ የተመለሰች ናት። ከጦጣው ሌላ ያመጣችው የገመድ ዕውቀት ነው። ማዶ ለመሻገር ገደሉን ወርዶ ወጥቶ ቀን ሙሉ መሄድ ሲሰለቻት፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት በነፋስ የሚበር ትልቅ ካይት ሠራች። ነፋሱን ጠብቃ ካይቱን ከነክሩ ገደሉን አሻገረችው። ማዶ የነበሩት ዶን አብዶን፣ ያኔ ጎረምሳ ነበሩ፣ ክሩን ያዙ። በክሩ ሲባጎ ጎተቱ፣ በሲባጎው ገመድ፣ በገመዱ ከተዘጋ የማዕድን ማውጫ የተገኘ የብረት ሽቦ። ቀጥላም የመመለሻውን ሁለተኛ ሽቦ ዘረጋች። ይኸው ዛሬም አገሩ ሁሉ ድንቹንም፣ በጉንም፣ ሙሽራውንም የሚያሻግረው በዚያ ነው።

ሣጥኗንም ራሷ ናት የሠራችው። በወጣትነቷ ሽንኩርት ጭና ወንዝ ለወንዝ የሄደችበትን ታንኳ አፍርሳ፣ በዚያ እንደ ቡሽ በሚቀል እንጨት ሠራችው። ቢጫ ቀለም ቀባችው። ከዚያ ለዓመታት ባቄላ ስታስቀምጥበት ኖረች። እንግዳ ሲበዛ ክዳኑ ላይ ታስቀምጠናለች። "ተቀመጡ፣ ባለቤቷ ገና አልፈለገችውም!" ትላለች።

እኔን ልጅ ሳለሁ ወደ ገበያ ስትወስደኝ ጭኗ ላይ ታስቀምጠኝና፣ አጠገባችን አንድ ጆንያ ድንጋይ ትጭን ነበር። ማዶ ስንደርስ ድንጋዩን አንድ ቦታ ትከምረዋለች። አጥር ልትሠራ ነው ይሉ ነበር። አጥሩ ግን ተሠርቶ አያውቅም፤ የእሷ ነገር ነው ብሎ ሰው ተወው። ከመነሳታችን በፊት አንድ ትእዛዝ አለች።

"ጨፍኚ! ግለጪ እስክልሽ ብትገልጪ ውርድ ከራሴ።"

እጨፍናለሁ። ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። ከዚያ ከማዶ ዶን አብዶን ያፏጫሉ፣ ረጅም ፉጨት። ሰላም ሲሉን ነበር የሚመስለኝ። "በቃ ግለጪ!" ትለኛለች። ስገልጥ መሬት ላይ ነን፣ አያቴ ትስቃለች። ፊቷ እርጥብ ነው። "ነፋሱ ነው፣ ዓይን ያስለቅሳል" ትለኛለች።

ብቻዬን ለመሻገር የደረስኩ ዕለት ገና ወንበሩ ላይ ስቀመጥ አስመለሰኝ። አገር እያየ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ በእግሬ ነበር የምዞረው። "ምነው ይቺ የማማ ኤርሲሊያ ደም የላትም እንዴ?" ይሉኛል፣ እኔም እኔን ብላችሁ እንደሆነ ተዉኝ እያልኩ አልፋለሁ። ግን ያመኛል። እውነቴን ነው፣ በጣም ያመኝ ነበር።

እናም ወደ መነሻው ወሰዱኝ። ቢጫውን ሣጥን ሽቦው ላይ በመዘውር ከተንጠለጠለው የሳንቃ ወንበር አጠገብ አሰሩት። ማማ ኤርሲሊያ ሁልጊዜ የምትጭነው የድንጋይ ጆንያ እንደ ወትሮው ከመነሻው ምሰሶ ሥር ተቀምጧል። ዊልመር አንስቶ ሊጭነው ሲል አጎቴ ኤቤርቶ ተቆጣ።

"ተው እንጂ! በሬሳዋም ድንጋይ ልታሸክሟት ነው? ዛሬ እንኳን ትረፍ። ለሽቦውም ክብደት አትጨምሩበት።"

ሁሉም "እውነት ነው" አለ። እኔም አልኩ። ባላ እንጨቱን እጄ ላይ አስጨበጡኝ። ፍሬኑ እሱ ነው፤ ሽቦው ላይ ሰቅሎ ወደ ታች መጫን ነው። አንድ እጄን ሣጥኑ ላይ አደረግኩ። ጨፈንኩ። ዙላይ "እማዬ!" ስትል ሰማሁ፣ ከዚያ ገፉኝ።

አምላኬ ሆይ! መሬቱ ከእግሬ ሥር ሄደ። መዘውሩ አናቴ ላይ ያፏጫል፣ ሣጥኑ ጎኔን ይመታኛል፣ እኔ እጮኻለሁ፤ ምን እያልኩ እንደምጮኽ አላውቅም። ይሄኔ አልፏል፣ ይሄኔ ደርሻለሁ እያልኩ የዶን አብዶንን ፉጨት እጠብቃለሁ። የመዘውሩ ጩኸት ቀነሰ። ቀነሰ፣ ቀነሰና ዝም አለ።

ፉጨት የለም። ሰው የለም። ከሩቅ፣ ከታች፣ የወንዝ ድምፅ ብቻ።

ደረስን ብዬ እግሬን ዘረጋሁ። እግሬ ባዶ ነካ።

ገለጥኩ። ባልገልጥ ይሻለኝ ነበር። ሽቦው መሃሉ ላይ ይረግባል፤ ከዚያ በኋላ ዳገት ነው፣ ዳገቱን የሚያስወጣው የመጣህበት ፍጥነት ነው። የእኛ ፍጥነት ዳገቱ ላይ አልቆ፣ ጥቂት ወደ ኋላ ተንሸራተን፣ ከገደሉ በላይ ተንጠልጥለን ቆመናል። ወንዙ ከሥሬ እንደ ክር ቀጥኗል። ንስር ሲዞር አየሁ፤ ከእኔ በታች።

ልቤ ሊቆም ነው አልኩ። ጣቶቼ ባላው ላይ እንደ ተጣበቁ ቀሩ። የምታስበው ነገር ይገርማል፤ የዙላይን የትምህርት ቤት ካልሲ አላጠብኩም ብዬ አሰብኩ። ማን ያጥብላታል? ከኋላዬ ይጮኻሉ፣ ከፊቴ ይጮኻሉ፣ አንዱም አይሰማኝም። ከዚያ ጉንጬ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ተሰማኝ። ነፋሱ ነው፣ ተነስቷል። ሣጥኑ ቀስ ብሎ መወዛወዝ ጀመረ።

"ማማ ኤርሲሊያ!" ብዬ ሣጥኑን በቡጢ መታሁት። "ደስ አለሽ? ይኸውልሽ! ሰርከስ፣ ታንኳ፣ ካይት አላነሰሽም፣ አሁን ደግሞ ልጄን ያለ እናት ልታስቀሪብኝ! አንቺ አትፈሪ፣ እኔ እፈራለሁ! ሰማሽ? እኔ እፈራለሁ!"

አለቀስኩ፣ ንፍጤ እስኪወርድ አለቀስኩ። ሳለቅስ ግን አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። ወንበሩን ካንጠለጠለው ገመድ ላይ የእሷ የቆዳ ቁራጭ ታስሯል፣ መሃሉ ሳስቶ ያለቀ። እጇን የምትጠቀልልበት ነበር። ፈታሁት፤ መዳፌ ላይ ጠቀለልኩት። ባላውን ሽቦው ላይ ሰቅዬ ወደ ታች ተጫንኩና ወደ ኋላ እንዳንንሸራተት አደረግኩ። ከዚያ ከአናቴ በላይ ሽቦውን ያዝኩና ጎተትኩ።

ትንሽ ሄድን። ባላውን ወደ ፊት አመጣሁት። ጎተትኩ። ጨፍኜ ልሠራው ፈልጌ ነበር፤ ግን የጨፈነ ሰው ጣቱን መዘውሩ ይበላዋል። ስለዚህ ገልጬ፣ ሽቦውን ብቻ እያየሁ ጎተትኩ። ነፋሱ በመጣ ቁጥር ሣጥኑን በጉልበቴ አቅፌ እቆማለሁ፣ ሲያልፍ እጎትታለሁ። ክንዴ አልታዘዝ አለኝ። አንዴ ባላው አምልጦኝ ወደ ኋላ ስንሄድ የጮኽኩትን ጩኸት ማዶ ያሉት ቄስ ሳይቀሩ ሰምተው አማትበዋል። ፍርሃቱን እየለመድኩት ሄድኩ እንዳይመስላችሁ። አንድ ክንድ በሄድኩ ቁጥር እንደ አዲስ ነበር የምፈራው።

በመጨረሻ ከማዶ ገመድ ወረወሩልኝ። ሦስተኛው ላይ ያዝኩትና ሣጥኑ ላይ ቋጠርኩት። ሰዎቹ ጎትተው መሬት ላይ ሲያሳርፉን፣ አሸዋው ላይ ተደፍቼ በእጄ ቧጠጥኩት።

ዶን አብዶን ጎንበስ ብለው አዩኝ። አርጅተዋል፣ ጥርስ የላቸውም።

"ድንጋዩስ የታለ?" አሉኝ።

"የምን ድንጋይ?"

"የእሷ ድንጋይ ነዋ! እንደ እናንተ ያለ ቀጫጫ የድንጋይ ክብደት ካልገፋው መች ይደርሳል? ምን መስሏችሁ ነው በየጉዞው ስትጭነው የኖረችው?"

ከጀርባቸው ያ ክምር ነበር። ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ስትሄድ ድንጋይ፣ ስትመለስ ጨውና ዱቄት። እኛ ደግሞ እንድታርፍ ብለን አራገፍንላት።

"ደግሞ አንቺ" አሉ ዶን አብዶን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ዓይንሽን ገልጠሽ መጣሽ። አየሁሽ እኮ። እሷ አንድም ቀን ገልጣ መጥታ አታውቅም።"

"ማን?"

"ማማ ኤርሲሊያ። ጨፍና ነበር የምትመጣው፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ። ፍሬን መያዣዋ ሲደርስ እኔ አፏጭላት ነበር። ፊቷን ጥርግ ታደርግና ልጆቹን ግለጡ ትላለች። እስክትቀበር ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች።" ሣጥኑን አዩት። "እንግዲህ ትንሽ ቀደምኩ፤ ይቅር ትበለኝ።"

ልጅነቴን ሙሉ የጨፈንኩት ገደሉን እንዳላይ መስሎኝ ነበር። እሷን እንዳላያት ኖሯል።

ቀበርናት። ቄሱ ያሉትን አልሰማሁም፤ እኔ ስለ መመለሻው ነበር የማስበው። እዚያው አድሬ ነፋሱ ሲተኛ በማለዳ ወደ ሁለተኛው ሽቦ ሄድኩ። ማንም ሳይነግረኝ ከክምሩ ድንጋይ እያነሳሁ ጆንያ ሞላሁ። ዶን አብዶን ገፉኝ። ጮኽኩ። ሳልጨፍን፣ ከዳር እስከ ዳር ጮኽኩ።

ዙላይ ከአጎቴ እጅ አምልጣ ሮጣ መጣች። ገና ከወንበሩ ሳልወርድ ፊቴን በጣቷ ነካችኝ።

"እርጥብ ነሽ።"

"ነፋሱ…" አልኩና አቆምኩ። "አልቅሼ ነው። ፈርቼ አለቀስኩ።"

"ማማ ኤርሲሊያስ ትፈራ ነበር?"

"በጣም። ከእኔ ትብስ ነበር።"

ዙላይ ገደሉን አየች፣ ከዚያ አጎቴ እንዳይሰማ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፣

"እኔም እኮ እፈራለሁ" አለችኝ።